ዘፋኙ ጉንፋን ይዞት ነበር?

ባለፈው እሁድ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ተጠራን። ቡናው ሰበብ ነው። የቤቱ እመቤት የመጨረሻ ወንድማቸው ከአሜሪካ መጥቷል። አንዱን ሻንጣ የሞላው ልብስና ጫማ አልነበረም፤ ሸክላ ማጫወቻ ነው። የዕቃውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱም የሠሪው እንዳልሆነ ኋላ ታዩታላችሁ።

የቤቱ ጌታ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከአባታቸው የወረሱት አንድ ካርቶን ሸክላ አላቸው። አብዛኛው ትንሹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሸክላ ማሳተም ከጀመረ ወዲህ፣ ካሴት መጥቶ ገበያውን እስኪወስደው ድረስ የወጣው ዓይነት። የድሮው ማጫወቻቸው ከሞተ በኋላ ካርቶኑ አልጋ ሥር ገብቶ ቀረ።

ሀጂም ነበሩ። ሰኞ ገበያ ሬዲዮ ሲጠግኑ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አንድ የሰፈር ልጅም ነበር። «ይኼ ሁሉ እኮ ስልኬ ላይ አለ» አለ። ማንም አልመለሰለትም፤ ወደ ቆሎው ተመለሰ።

ከጦሳ የወረደው ጉም መስኮቱን ሸፍኖታል። እትዬ አቦሉን ሊቀዱ ሲሉ ወንድምየው ሸክላውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠና መርፌውን በጣቱ ጫፍ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ አሳረፈው። ትንሽ ተንጫጫ። ሳክስፎኑ መጣ። ከዚያ ዘፋኙ።

እትዬ ጀበናውን እንደያዙ ቀጥ አሉ።

«ይኼ ልጅ ጉንፋን ይዞት ነው እንዴ የዘፈነው?»

«እትዬ፣ ትክክለኛው ድምፅ ይኼ ነው» አለ ወንድም። «አንቺ የለመድሽው የካሴቱን ነው። ካሴት ድምፅ ያቀጥናል።»

«ካሴት ሳይመጣ ነው የሰማሁት! በሰርጌ የጨፈርኩበት ነው። እንዲህ ቢጎተት ኖሮ ትከሻዬ እንቅልፍ ይወስደው ነበር።»

መምህሩ ጣልቃ ገቡ። ቅኝቱ ባቲ ነው፣ ምንም አልተበላሸም አሉ። እውነታቸውን ነው። ሁሉም ድምፅ በእኩል ከወረደ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም፤ ባቲውም ባቲ ሆኖ ይቀጥላል። ግን በፒያኖ ቢቆጠር ከሦስት ቁልፍ በላይ ወርዷል። ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም ሆነው በወጡበት አገር፣ ይኼን በእትዬ ፊት ማሳለፍ አይቻልም።

ሀጂ እስካሁን ዝም ብለው ነበር። ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እስኪ ገልብጡልኝ» አሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከሥሩ የተለጠፈችውን ጽሑፍ አፍንጫቸው ስር አድርገው አነበቡ። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ።

«ትራንስፎርመር ገዝቻለሁ እኮ ሀጂ! ይኸው፣ እርስዎም አይተውታል።»

«ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ያወርዳል ወንድሜ። ምቱን አይነካውም። የእናንተ አገር መብራት በሰከንድ 60 ነው፣ የኛ 50። ይኼ ሞተር ደግሞ ቮልት አይደለም የሚከተለው፤ ምቱን ነው።»

መምህሩ እርሳስ አወጡ። 45 ሲባዛ በ50፣ ሲካፈል ለ60፤ 37 ተኩል። ትልቁ ሸክላ 33 ከሲሶ መዞር ሲገባው 28 እንኳ አይሞላም።

ወንድምየው ደነገጠ፣ ቀጥሎም ተናደደ። የተናደደ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ሁሉ ያወጣል። ክርክሩ እዚህ ላይ ነው የጦፈው።

«በቺንጋ የሚዞር ዕቃ ስላልለመዳችሁ ነው» አለ። «ሞተሩ ከሳህኑ ተለይቶ ይቀመጣል። ንዝረቱን ቺንጋው ይበላዋል። ስኮትላንዶቹ ሊኖች ኤልፒ 12 የሚባለውን ማጫወቻ ከ1973 ጀምሮ እስካሁን ይሠሩታል፤ ውስጡ በሞላ ላይ የተንሳፈፈ ነው። እንግሊዞቹ ሬጋዎች ደግሞ ቀላልና ድርቅ ያለ አካል ይሻላል ይላሉ። የእርስዎ ቴክኒክስ ግን የዲጄ ዕቃ ነው።»

ሀጂ ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 አላቸው፤ ከተዘጋ ጭፈራ ቤት የገዙት። ስሙ ሲነካ ቀና አሉ።

«ዲጄ ኋላ ነው የወሰደው። በ1972 ሲወጣ ቤቱ ተቀምጦ ለሚሰማ ሰው ነበር። ሞተሩ ራሱ የሳህኑ እምብርት ነው፤ ቺንጋ የለ፣ ፑሊ የለ። የ1979ኙ ደግሞ ፍጥነቱን በኳርትዝ፣ የእጅ ሰዓት ውስጥ ባለው ዓይነት ክሪስታል፣ ይቆልፋል። መብራት ኃይል 50 ቢልከው፣ 60 ቢልከው ደንታ የለውም። በ2010 ማምረት አቆሙ፣ ሰው አልተዋቸውም፣ በ2016 መልሰው አመጡት። ለጭፈራ ብቻ ነው?»

«ሊንም እኮ በ1982 ቫልሃላ የሚባል ሰሌዳ አስገብቷል። የራሱን ምት ራሱ ይፈጥራል። ቺንጋ ነው ብሎ ነገር የለም።»

ሀጂ አሰቡ። «እውነት ነው። እሱን አምጥተኸው ቢሆን ዛሬ አንጨቃጨቅም ነበር። ስንት ነው?»

ወንድም ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱማ... ባጃጅ ይገዛል።»

ልጁ የሳቀው ያኔ ነው። ሀጂም «አንተ፣ ከሳቅህ አይቀር ሂድና የኔን ከሱቅ አምጣ» አሉት። በባጃጅ ሄደ።

እስኪመጣ ድረስ ትልቁን ሸክላ ሰማን። ፍጥነቱን ረስተን ድምፁን ብቻ። እዚህ ላይ እኔም አንድ ነገር ተናገርኩ። የመጀመሪያው ዘፈን ጥርት ይላል፣ ወደ መሃል ሲጠጋ ግን «ሰ» እና «ሸ» ባሉ ቁጥር እንደ ትኩስ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል ይንጫጫል። ወንድምየው ሸክላው አርጅቷል አለኝ። ሀጂ ግን መርፌውን የተሸከመውን ክንድ አዩ።

ከዚህ በኋላ ያለው ለኔ የዕለቱ ዋና ነገር ነው። ሸክላው ሲቀረጽ የሚቆርጠው መርፌ ከጠርዝ ወደ መሃል ቀጥ ብሎ ነው የሚጓዘው። በየቤታችን ያለው ክንድ ግን ከአንድ ጥግ ታስሮ እንደ በር ነው የሚዞረው። ስለዚህ መርፌው ከሚሄድበት ቦይ ጋር ፍጹም ልክ የሚሆነው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላው ቦታ ሁሉ ትንሽ ይጠማል። ሁለቱ ነጥቦች የት ይሁኑ የሚለውን ሎፍግረን በ1938፣ ቤርዋልድ በ1941 በሒሳብ አስልተውታል። በተለመደው ስሌት ከመሃል 66 ሚሊ ሜትርና 121 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናቸው። ይኼን የነገረን ወንድምየው ነው፤ በቃሉ፣ ሳያየው። ሀጂ ስሞቹን ሰምተው አያውቁም። ኪሳቸው ውስጥ ግን ሁለቱ ነጥቦች ያሉባት ካርቶን ነበረች።

ካርቶኗን ሳህኑ ላይ አደረጓት። መርፌው ከነጥቡ ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር ስቷል።

«በምን ለካኸው?»

«በዓይኔ» አለ ወንድም፣ ዝቅ ብሎ።

መሃሉ ላይ የሚብሰው ለምንድነው ለሚል፤ ትልቁ ሸክላ ጠርዙ ላይ በመርፌው ሥር በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ያልፋል። መጨረሻው ዘፈን ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ያው አንድ ሰከንድ ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ታጭቋል። እዚያ ላይ ትንሽ መጣመም ብዙ ነው።

ክብደቱስ? ሀጂ ፒያሳ ወርቅ ቤት ያለው ዘመዳቸው ጋ ደወሉ። ልጁ ቴክኒክሱን በአንድ እጁ፣ የወርቅ ሚዛኗን በሌላ እጁ ይዞ ገባ። መርፌውን ሚዛኗ ላይ አሳረፉት፤ 1.2 ግራም። የመርፌው ወረቀት ከ1.8 እስከ 2.2 ይላል።

«ሸክላው እንዳይጎዳ ብዬ ነው ያቀለልኩት።»

«አቅልለህ ነው የምትጎዳው!» አሉ ሀጂ። «የቀለለ መርፌ ቦዩን አይዝም። ይዘላል፣ ሲወርድ ግድግዳውን ይቀጠቅጠዋል።»

የኋላውን ሚዛን በጣት ሽርፍራፊ አዞሩት፣ የመርፌውን ራስ ፈትተው ነጥቡ ላይ አመጡት፣ በግንበኛ ውሃ ልክ ወለሉን ለኩ። ያው መጨረሻ ዘፈን ድጋሚ ሲመጣ መንጫጫቱ በአብዛኛው ጠፍቶ ነበር። «አርጅቷል» የተባለው ሸክላ ማለት ነው።

ቀጥሎ ትንሹን በቴክኒክሱ አጫወትነው። ቀይዋ መብራት በራች፣ በጠርዙ ካሉት ነጠብጣቦች አንዱ መስመር የማይዞር መስሎ ቆመ። ዘፋኙ ገባ። እትዬ ምንም አላሉም። ትከሻቸው ግን ተናገረ። ሁለተኛውን ቡና ሲቀዱ ነው «ለቀቀው ጉንፋኑ» ያሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። መምህሩ ወለሉ ጣውላ ስለሆነ አስበው ማጫወቻውን የድሮ ወፍጮ ድንጋይ ላይ ነበር ያስቀመጡት። ልጁ ሲገባ ሲወጣ ግን መርፌው ዘለለ። ድንጋዩ ቢከብድም ከወለሉ ጋር አብሮ ነው የሚጨፍረው። ግድግዳ ላይ መደርደሪያ ምቱ ተባሉ።

እንግዲህ የኔ ፍርድ። ሀጂ ፍጥነት ይቅደም ሲሉ ልክ ናቸው። የዝርዝር ድምፅ ማነስን ጆሮ ይለምደዋል፤ ሦስት ቁልፍ የወረደ ዘፈን ግን ሌላ ዘፈን ነው። ቺንጋን በጅምላ ሲያጣጥሉ ግን ተሳስተዋል፤ ጥፋቱ የሞተሩና የመብራቱ አለመግባባት ነው። ወንድምየው ደግሞ ገንዘቡን ክንዱ ላይ ማፍሰሱን አልነቅፍም። በሁለቱም ያንኑ ትልቅ ሸክላ ሰምቻለሁ። የሱ ክንድ ከተስተካከለ በኋላ መሰንቆው ላይ ጭራው ሲያልፍ ይሰማል፤ በቴክኒክሱ ይኼ ትንሽ ይደበዝዛል። ምናልባት የመርፌዎቹ ልዩነት ይሆናል፤ ሀጂም እንደዚያ ነው የሚሉት። የሚያበሳጨኝ ይኼን የመሰለ ክንድ በዓይን ልኬት መታሰሩ ነው። ድሮ እኮ ማጫወቻውና ክንዱ ለየብቻ ይገዙ ነበር፤ ጋራርድ 301 የሚባለው ማጫወቻ ያለ ክንድ ይሸጥ ነበር፣ ከ1959 ወዲህ ደግሞ ኤስኤምኢ 3009 የሚባለውን ክንድ ከጎኑ ገዝቶ የሚያስር ብዙ ነበር። ለኔ ደሴ ላይ ገንዘብ ቢኖረኝ ያገለገለ ቴክኒክስ፣ አዲስ መርፌ፣ አንዲት ካርቶን። የተረፈው ለመደርደሪያው ብረት።

የአሜሪካው ዕቃም አልተጣለም። ሞተሩ ላይ ያለችው፣ ቺንጋው የሚጠመጠምባት ፑሊ በአንድ አምስተኛ ከወፈረች 50ው ምት ይበቃዋል። ኮምቦልቻ አንድ ቶርኖ ቤት ተሰጥታለች። ሥራው ቀላል አይደለም፤ አሥር ሚሊ ሜትር በምትሆን ፑሊ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ስህተት ፍጥነቱን በአንድ በመቶ ያዛባል፣ ክብነቷ ከጎደለ ደግሞ ዘፋኙ ይንቀጠቀጣል። ሀጂ ካሊፐራቸውን ይዘው አብረው ይሄዳሉ። ቀሪው ሂሳብ የሚከፈለው ግን እትዬ ሰምተው ሲያጸድቁ ነው።