ሪሚክስን ከአርኬድ ማሽን ይውጣ ለሚሉ

ሰሞኑን ስለ ቪዲዮ ጌም በአማርኛ የሚጽፉ አንድ አስተያየት ሰጪ፣ በጃፓን የአርኬድ (በመጫወቻ ቤቶች ሳንቲም እየተከተተባቸው የሚሠሩ ማሽኖች) የሙዚቃ ጨዋታዎች ውስጥ ከአንዱ ጌም ወደ ሌላው የሚሻገሩትን ሪሚክሶች፣ ማለትም ከነበረ ዘፈን ተነሥተው እንደገና የተሠሩትን ቅጂዎች፣ «ያደረ ወጥ» ብለው ሲያጣጥሏቸው አነበብኩ። የዘፈን ዝርዝር በሚቀነስበት ጊዜ ሁሉ በመጀመሪያ መውጣት ያለባቸው እነርሱ እንደሆኑ፣ ቦታውም ለማሽኑ ተብለው ለተደረሱ «ኦሪጅናል» ሥራዎች ብቻ መጠበቅ እንዳለበት ጽፈዋል። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በሁለተኛው ንባብ ቁጣዬ ባሰ እንጂ አልበረደም። የሚፈርዱበትን ነገር ቀርበው ሳያዩ የፈረዱት ፍርድ ነውና።

ሪሚክስ የኦሪጅናሉን ቦታ ይሻማል የሚለው ክርክራቸው ከሁሉም የደከመ ነው። የዛሬዎቹ ማሽኖች በኔትወርክ የተገናኙ ናቸው፤ አዳዲስ ዘፈኖች በየጊዜው ይጫኑባቸዋል፤ እንደ ቢትማኒያ ቱ ዲኤክስ ባሉት ላይ ከሺህ በላይ ዘፈን ይገኛል። ከሌላ ባለመብት በፈቃድ የተወሰደ ዘፈን የሚወጣው የፈቃዱ ዘመን ሲያልቅ ነው። አንድ ሪሚክስ ስለገባ በሩ ላይ የቀረ ኦሪጅናል ካለ ጸሐፊው በስም ሊጠቅሱልን ይገባ ነበር፤ አንድም አልጠቀሱም። ያልተፈጠረ ጉዳት ቆጥሮ ካሣ መጠየቅ ክርክር አይባልም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህ የጨዋታ ዓይነት ራሱ የተወለደው ከሪሚክስ ነው። የጃፓኑ የጌም ኩባንያ ኮናሚ በ1997 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቢትማኒያን ሲያወጣ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በተጫዋቹ እጅ ስር ያኖረው አምስት ቁልፍና አንድ የሸክላ ማዞሪያ ነበር። የዲጄ ሥራ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሌላ ሰው የቀረጸውን ሸክላ አንሥቶ፣ ቆርጦና ደራርቦ፣ ፍጥነቱን ለውጦ፣ በዚያች ሌሊት በዚያ ቤት ለተሰበሰበው ሰው አዲስ አድርጎ ማሰማት ነው። ሪሚክስ በእነዚህ ማሽኖች ላይ አይገባውም የሚል ሰው፣ ሳያውቀው የሸክላ ማዞሪያውን ከማሽኑ ላይ እየነቀለ ነው።

ከዚህም በላይ፣ በእነዚህ ማሽኖች ላይ የሚጫን ዘፈን ሁሉ፣ ኦሪጅናል የተባለውም ሳይቀር፣ ተጫዋቹ ዘንድ የሚደርሰው ለሁለተኛ ጊዜ ተደርሶ ነው። ጃፓኖች «ፉመን» የሚሉት፣ የትኛው ምት በየትኛው ቁልፍ እንደሚመታ የሚወስነው ቻርት አለ፤ ያን ቻርት የሚያዘጋጀው ሰው ዜማውን ለእጅ እንደገና ይደርሰዋል። አንዱ ፒያኖውን እንድንከተል ያደርገናል፣ ሌላው ከበሮውን፣ ሦስተኛው ጆሯችን ከኋላ የጣለውን ባስ ጎትቶ ከጣታችን ስር ያመጣዋል። ለዚህ «ናይት ኦፍ ናይትስ» የተባለውን ሪሚክስ የሚያህል ማስረጃ አላውቅም። ምንጩ፣ ዙን በሚል ስም የሚታወቀው ሰው ብቻውን በሚሠራቸው የቶሆ ጨዋታዎች ውስጥ፣ ጊዜን ለምታቆመውና ቢላዋ ለምትወረውረው ለሳኩያ ኢዛዮይ የደረሰው ዜማ ነው፤ በ2005 በወጣው ጨዋታ ውስጥ «ፍላወሪንግ ናይት» ተብሎ ይሰማል። ቢት ማሪዮ የተባለው ሙዚቀኛ ያንን ወስዶ አፋጠነው፣ የፒያኖውን ሩጫ አንገቱን ቀና አድርጎ እንዲወጣ አደረገው፣ ዘፈኑም ከኩባንያ ወደ ኩባንያ ተሻገረ። በናምኮ ታይኮ ኖ ታትሱጂን ላይ ዱላ ይዘን የከበሮውን መሀል «ዶን»፣ ጠርዙን «ካ» እያልን እንመታዋለን። በሴጋ ማይማይ ላይ በክቡ ስክሪን ዙሪያ የተደረደሩትን ስምንት ቁልፎች እየዞርን እናሳድደዋለን፤ እዚያው ሴጋ ባወጣው ቹኒዝም ላይ ደግሞ ጣቶቻችንን በተንሸራታቹ ሰሌዳ ላይ እየሳብን፣ እጃችንን ወደ አየር እያነሣን እንጫወተዋለን። በኮናሚ ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን ላይ ሪዩ የተባለው ደራሲ እንደገና ሪሚክስ ያደረገው ቅጂ ገብቶ፣ ያው የፒያኖ ሩጫ ለእግር ተሰጥቷል። ከእነዚህ ማሽኖች በሁለቱ ላይ ዘፈኑን የተጫወተ ሰው ምን እንደምል ያውቃል፤ ዜማውን በቃሉ ይዞ ወደ ሁለተኛው ማሽን ሲሄድ ሰውነቱ ምንም እንደማያውቅ ሕፃን ይሆናል፤ እጁ የለመደው ቦታ ባዶ ነው፤ ጆሮው ግን አስቀድሞ ይነግረዋል። አዲስ ኦሪጅናል ዘፈን ይህን ሊሰጠው አይችልም፤ የሚሰጠው ተጫዋቹ ቀድሞ የሚያውቀው ዜማ ብቻ ነው። ያደረ ወጥ የት ላይ እንዳለ ጸሐፊው ያሳዩኝ።

ሪሚክስ ለጀማሪ ደራሲ የከፈተውን በር ደግሞ ጨርሶ አላነሡትም። ኮናሚ በጥር 2012 ሳውንድ ቮልቴክስን ሲጀምር፣ የራሱን የቆዩ ዘፈኖች ሪሚክስ እያደረጉ እንዲልኩ ለሕዝብ ጥሪ አድርጓል፤ የተመረጠው ሥራ ማሽኑ ላይ ወጥቷል። ጥሪውን ተቀብለው ሥራቸውን ከላኩት መካከል አንዱ ካሜሊያ የተባለው የሙዚቃ ደራሲ ነው፤ ዛሬ ሥራው በሌሎች ኩባንያዎች ማሽኖችም ላይ ይገኛል። የማሽኑ አሠራርም ከጥሪው ጋር ይስማማል፤ ከአራቱ ዋና ቁልፎች በተጨማሪ ሁለት የኤፌክት ቁልፎችና ሁለት የሚሽከረከሩ መቆጣጠሪያዎች ስላሉት፣ ተጫዋቹ እየተጫወተ ድምፁን ይቆራርጠዋል፣ ያጥፈዋል። ጸሐፊው የሚመኙት ሕግ ያኔ ቢኖር ኖሮ እነዚህን ወጣቶች ማን ይሰማቸው ነበር?

ሪሚክስ የባለቤቱን መብት ይጋፋል የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው አልፈዋል፤ እኔም በአጭሩ ልመልስ። ዙን ሌሎች ከሥራው ተነሥተው የራሳቸውን እንዲሠሩ መመሪያ አውጥቶ የፈቀደ ሰው ነው። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ሳለ ጎረቤት ቆልፉ ብሎ የሚጮኸው በማን ሥልጣን ነው?

ሰነፍ ሪሚክስ መኖሩን አልክድም፤ ከበሮ ጨምሮ ፍጥነት ከፍ ከማድረግ ያላለፈ ሞልቷል። ሰነፍ ኦሪጅናልም ከዚያ አያንስም፤ በእርሱ ላይ ግን ማንም ይውጣ ሲል አልሰማሁም።

ጸሐፊው አንድ ነገር እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። «ባድ አፕል» በ1998 ለፒሲ-98 ኮምፒውተር በወጣው የቶሆ ጨዋታ «ሎተስ ላንድ ስቶሪ» ውስጥ ቃል የሌለው የጨዋታ ማጀቢያ ነበር። በ2007 አልስትሮሜሪያ ሬከርድስ የተባለው የሙዚቃ ቡድን ሪሚክስ አድርጎት፣ ግጥም ጨምሮበት፣ ኖሚኮ ዘፈነችው። በ2009 የጥቁርና ነጭ ጥላዎች ቪዲዮ ተሠርቶለት ዓለም አወቀው። ዛሬ በቶኪዮም ሆነ በኦሳካ አንድ ልጅ መቶ የን ከትቶ በታይኮ ላይ የሚመርጠው የኖሚኮን ድምፅ ነው፤ የ1998ቱን ዜማ መኖሩን ያወቀውም በእርሱ በኩል ነው። ከዝርዝሩ ይውጣ የሚሉት ይህንን ከሆነ በስሙ ጠርተው ይጻፉት፤ ይህንን ካልሆነ ደግሞ የትኛውን እንደሆነ ይንገሩን።