ፈንክሽኑ ስንት መልስ እንዳለው ራሱ ይናገር

ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ (ስሌትን ከግብዓት ውጤት በሚያወጡ ፈንክሽኖች የሚገልጽ) እና ሎጂክ ፕሮግራሚንግ (ሁኔታዎችን ሰጥቶ የሚያሟሏቸውን መልሶች ኮምፒውተሩ እንዲፈልግ የሚያደርግ) በአንድ ቋንቋ ሊዋሃዱ እንደሚችሉ ከሪ እና ሜርኩሪ የተባሉት ቋንቋዎች ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አሳይተዋል። ዛሬ ልንከራከርበት የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ አንድ ፈንክሽን ብዙ መልስ ሊኖረው ከቻለ ፈንክሽኑን የሚጠራው ኮድ ይህን በምን ያውቃል?

ጥቅሙን አልክድም። ሁለት ዝርዝሮችን አንዱን ከሌላው ጫፍ የሚቀጥል ፈንክሽን በከሪ ወደ ኋላም ይሠራል፤ ውጤቱን [1፣ 2፣ 3] ሰጥተን ግብዓቶቹን ብንጠይቅ 4 አከፋፈሎች ያወጣል። የመጨረሻውን አባል ለማግኘትም «ያልታወቀ ዝርዝር ላይ [ሀ] ሲቀጠል [1፣ 2፣ 3] ይሆናል» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ፍለጋው የሚቆመው ከሪ ስሌትን እስኪፈለግ ድረስ ስለሚያዘገይ ነው። ያልታወቀው ዝርዝር አስቀድሞ ይሰላ ቢባል ባዶ፣ ባለ 1፣ ባለ 2 እያለ ማብቂያ የሌላቸው ዝርዝሮች ያመነጫል፤ መልሱ ከተገኘ በኋላም አይቆምም።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። «ሳንቲም» 0 ወይም 1 ይሁን፤ «እጥፍ ሀ» ደግሞ ሀ + ሀ። በከሪ «እጥፍ ሳንቲም» 0 ወይም 2 ነው፤ ምርጫው ለሀ አንድ ጊዜ ብቻ ይደረጋልና። «ሳንቲም + ሳንቲም» ብለን ስንጽፍ ግን 0፣ 1፣ 1፣ 2 ይመጣል። የፈንክሽናል ፕሮግራመር ሁልጊዜ የሚተማመንበት ልማድ፣ ጥሪውን በትርጉሙ መተካት፣ እዚህ ውጤቱን ይቀይራል። ኮምፓይለሩም (ኮዱን ከመሥራቱ በፊት የሚፈትሸውና የሚተረጉመው ፕሮግራም) ዝም ይላል፤ ለእሱ ሳንቲም ተራ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ነው። ይኸው ዋጋ ወደ ስክሪን የሚጽፍ ኮድ ጋ ሲደርስ ፕሮግራሙ በሥራ ላይ እያለ ስህተት ብሎ ይቆማል፤ የታተመ ነገር ተመልሶ አይሰረዝም።

በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሜርኩሪ የመልሱን ብዛት በግልጽ ያስጽፋል። «ዴት» በትክክል አንድ መልስ፣ «ሴሚዴት» ቢበዛ አንድ፣ «መልቲ» ቢያንስ አንድ፣ «ኖንዴት» ዜሮም ብዙም ማለት ነው። ያው ዝርዝሮችን የሚቀጥለው ፈንክሽን ወደ ፊት ሲሄድ ዴት፣ ወደ ኋላ ሲሄድ መልቲ ነው። ዴት ተብሎ ሊከሽፍ የሚችል ኮድ አይኮምፓይልም። ጉዳቱ መጻፍ ማብዛቱ ነው፤ ግብዓትና ውጤቱም አስቀድሞ መታወቅ ስላለበት የከሪን ያህል ነፃነት የለም። ቢሆንም በምሽት ሲሠራ ከሚቆም ፕሮግራም ይልቅ ቀን ላይ የሚከለክል ኮምፓይለር እመርጣለሁ። አዲስ ቋንቋ የሚነድፉ ሰዎች የከሪን የዘገየ ፍለጋ ይውሰዱ፤ የመልሱን ብዛት ግን እንደ ዋጋው ዓይነት (ታይፕ) ሁሉ በፈንክሽኑ ፊርማ፣ ማለትም ግብዓቱንና ውጤቱን በሚያሳውቀው መስመር፣ ላይ ያስጽፉ።

ዛሬ በከሪ የሚጽፍ ሰው ፍለጋውን በአንድ ሞጁል (ራሱን በቻለ የኮድ ክፍል) ያጥረው። መልሶቹን ሁሉ ሰብስቦ በዝርዝር መልክ ይመልስ፤ ከሞጁሉ ውጭ ያለው ኮድ ባዶ ዝርዝርንና ከአንድ በላይ መልስን በግልጽ ያስተናግድ። ማብቂያ የሌለው ፍለጋ ከሆነ ሁሉንም ሳይጠብቅ የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች ብቻ ይውሰድ።