ይህ ስፖርት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ትናንት ደብረ ማርቆስ የልጄ ትምህርት ቤት ኃላፊ «ጭፈራ ስፖርት አይደለም» ብለው ለቺርሊዲንግ ቡድኑ፣ ማለትም በሆታና በዘፈን ታጅበው እየጨፈሩ ጓደኛቸውን ለሚሸከሙትና ሽቅብ ወርውረው ለሚቀልቡት ልጆች፣ የጂምናስቲክ ፍራሹን ከለከሉ። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ልጄ ጓደኛዋን በትከሻዋ ተሸክማ የምትቆም ናት፤ ማታ ማታ የበለዘ ትከሻዋን በሙቅ ውኃ የማሽላት እኔ ነኝ። ሽቅብ የወረወሯትን ልጅ እግሯ መሬት ሳይነካ በክንድ መቅለብ ጉልበት አይጠይቅም? ሚዛንስ? አንዷ ለቅጽበት ብትዘናጋ የሚሰበረው የሌላዋ አንገት ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እንኳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ለዓለም አቀፉ የቺር ኅብረት ሙሉ እውቅና ሰጥቷል፤ በውድድሩም ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ፣ ለስሕተትም ይቀንሳሉ። ጉግስ ሲጋለብ፣ ገና ሲመታ እያየ ያደገ የጎጃም ሰው፣ ሆታና ዘፈን ስላለበት ብቻ የእነዚህን ልጆች ድካም እንዴት ይክዳል? ለወንዶቹ እግር ኳስ መረብ ሲገዛ ማንም አልጠየቀም። ባለፈው ሳምንት አንዷ ወድቃ ክርኗ ተላጠ፤ ጠጠሩ ከቁስሏ በመርፌ ጫፍ እየተለቀመላት፣ እንባዋን ውጣ «ነገ ልምምድ አለ አይደል?» አለችኝ። ፍራሹ ግን ዛሬም መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል።