«ትንሽ ነገር ምን ታደርገዋለች?» ለምትሉ እንግዶች

ኧረ በፈጠራችሁ፣ ሰው ግቢ ገብታችሁ ለውሻ ከማጉረሳችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ!

ጥምቀት በደረሰ ቁጥር ጎንደር በእንግዳ ትሞላለች። ከአሜሪካ የመጣው ዘመድ ሻንጣውን ሲከፍት ቸኮሌቱ ይወጣል፣ ልጆች ይሻማሉ፣ ውሻውም ጭራውን እየቆላ ይጠጋል። «ውይ ሲያሳዝን፣ ለሱም ትድረሰው» ተብሎ ይጣልለታል። ባለቤቱ ሲጮህ መልሱ ሁሌም ያው ነው፦ «ትንሽ ነገር ምን ታደርገዋለች? ውሻ እኮ ነው!»

ውሻ ስለሆነ እኮ ነው የምትጎዳው! ቸኮሌት ውስጥ ቴዎብሮሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ቡና ውስጥ ላለው ካፌይን የቅርብ ዘመድ ነው። የሰው ሰውነት ቶሎ ያስወግደዋል። ውሻ ላይ ግን ግማሹ ብቻ ከደም እስኪወጣ 17 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። «ትንሽ» የምትሉትም በራሳችሁ ሆድ ለክታችሁ ነው፤ መለካት ያለበት በውሻው ክብደት ነው። ቴዎብሮሚኑ በውሻው ኪሎ 20 ሚሊግራም ሲደርስ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ውሃ ውሃ ይላል፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተዋል። ከ40 እስከ 50 ሲደርስ የልብ ምቱ ይዛባል። 60 ላይ አንዘፍዝፎ ይጥለዋል። የወተት ቸኮሌት በግራም 2 ሚሊግራም ገደማ አለው፣ ጥቁሩ 5 እና ከዚያ በላይ፣ ለኬክ የሚገዛው የካካዎ ዱቄት ደግሞ ከ20 በላይ። እንግዲህ አስሉት፦ 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ አንድ ባለ 100 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ከበላ ልቡ አደጋ ላይ ነው። ከካካዎ ዱቄቱ አንድ ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ብቻ ሕመሙን ለማስጀመር ይበቃል።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ምልክቱ ወዲያው አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይቆያል። ከቀኑ 9 ሰዓት የበላ ውሻ እኩለ ሌሊት ላይ ይቅበጠበጣል፣ ያለከልካል፣ ይንቀጠቀጣል። ያኔ አጉራሹ እንግዳ ሄዷል፤ ቸኮሌቱን የሚያስታውስ የለም። ጎረቤት «አበደ!» ይልና ዱላ ይነሳል። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ እንዳለ እናውቃለን፤ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ስለዚህ በሚንቀጠቀጥ ውሻ አፍ ውስጥ ማንም እጁን እንዳይከት፣ ልጆችም እንዳይጠጉ። ግን ዱላ ከማንሳት በፊት «ዛሬ ምን በላ?» ብሎ መጠየቅ፣ በሩን ዘግቶ ሐኪም መጥራት ይቀድማል። ክትባቱን ጨርሶ የተከተበ ውሻ በእንግዳ ቸኮሌት ምክንያት እንደ እብድ መቀጥቀጥ የለበትም!

ደግሞ ቸኮሌቱ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ የየቀኑ ጉዳት ከገዛ ድስታችን ይወጣል። በጾም የሽሮ ትራፊ፣ በፍስክ የዶሮ ወጥ ትራፊ፣ ሁለቱም ሽንኩርት ናቸው። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። በኪሎ 15 ግራም ያህል ሽንኩርት ደሙን ለመጉዳት ይበቃል፤ ለ10 ኪሎ ውሻ 150 ግራም፣ አንድ መካከለኛ ራስ ማለት ነው። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ከተቁላላ፣ ወጡ ለ12 ብልት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ160 ግራም በላይ ይደርሰዋል። «በስሏል እኮ» አትበሉ፤ ቁሌት መርዙን አያጠፋውም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መብላቱም ይጠራቀማል። ከቀናት በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይቀላል፣ ውሻው ይዝላል፤ ባለቤቱ «ብርድ መታው» ይላል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ይበሳል። የውሻውን ድርሻ ሽንኩርት ሳይነካው፣ ጨውና በርበሬ ሳይገባበት ለብቻ ቀቅሎ ማስቀረት ምን ያህል ሥራ ነው? ሳንባና ጉበት ከሆነም በደንብ ይቀቀል፤ ጥሬው የኮሶ ትል ያስይዘዋል፣ ትሉም ለቤተሰቡ ይተርፋል።

ዘቢብና ወይን ኩላሊት ያቆማሉ፤ አንዱ ውሻ እፍኝ በልቶ ሲተርፍ ሌላውን ጥቂት ፍሬ ሊጥለው ስለሚችል «ይህን ያህል አይጎዳም» የሚባል ልክ የለም። ስኳር አልባ ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል በኪሎ 0.1 ግራም ብቻ የደም ስኳሩን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊጥለው ይችላል። የቡና አተላ ደጅ አይደፋ። ያልተጋገረ የዳቦ ሊጥም ሆዱ ውስጥ እየኮመጠጠና እየተነፋ አልኮል ያመነጫል።

በልቶ ከተገኘስ? መጠቅለያውን አንሱ፣ የበላበትን ሰዓት ያዙ፣ ውሻውን ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡና የራሳችሁን ክብደት ቀንሱ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ሦስቱን ነው። ወተት መርዝ አያረክስም። የጨው ውሃ ራሱ ይመርዛል። ከማንደጃ የተለቀመ ከሰልም ሐኪም የሚሰጠውን መድኃኒት ከሰል አይተካም። ማስመለስ የሚጠቅመው በመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ እሱም በሐኪም ትእዛዝ፣ ውሻው ነቅቶና ሳይንቀጠቀጥ። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ «እስኪነጋ እንየው» ማለት ያማል። ታክሞ ወደ ቤት ሲመለስም ሽንት ፊኛው ውስጥ ያለው ቴዎብሮሚን ተመልሶ ወደ ደም ስለሚገባ፣ በየጥቂት ሰዓቱ በገመድ ይዛችሁ አሸኑት፣ ሌሊትም ቢሆን።