የአይጧ ፎቶ ምንም አያረጋግጥም

ሰሞኑን ዘረመሉ የተለወጠ በቆሎ በተነሳ ቁጥር ዕጢ ያበጠባት አይጥ ፎቶ ተመልሶ ይመጣል። «ሁለት ዓመት አይጥ ሳይበላው እንዴት ይፈቀዳል?» የሚለውም ይከተላል። ጥያቄው ጥንቃቄ ይመስላል፤ በእኔ እምነት ግን ሕዝብን ያለ ምክንያት ማስፈራራት ነው።

ፎቶው እ.ኤ.አ. በ2012 ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሴራሊኒና ባልደረቦቹ ኤንኬ603 በተባለው፣ ዘረመሉ በተለወጠ በቆሎ ላይ ካሳተሙት ጥናት የወጣ ነው። መጽሔቱ በዓመቱ ጥናቱን ሰርዞታል፤ በ2014 ሌላ መጽሔት መልሶ አትሞታል። ከ200 አይጦች መካከል የተለወጠውን በቆሎ ሳይበሉ ለማነጻጸሪያ የቀሩት 10 ወንድና 10 ሴት ብቻ ነበሩ። የካንሰር ሙከራ መመሪያ ግን በየቡድኑ ከእያንዳንዱ ጾታ ቢያንስ 50 ይላል። የተመረጡት ስፕራግ-ዳውሊ የተባሉት አይጦች ደግሞ ምንም ቢበሉ ሲያረጁ ዕጢ ይበዛባቸዋል። በአሥር አይጥ ቡድን ውስጥ የሁለትና የሦስት ልዩነት ዕድል የሚያመጣው ነው። የበቆሎው መጠን ሲጨምር ጉዳቱ አብሮ አለመጨመሩን ፎቶውን የሚያዞሩት አያነሱትም።

ዋናው ችግር ግን ከዚህም ይከፋል። ኬሚካል ሲፈተሽ ሰው ከሚያገኘው መቶ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሰጣል፤ ጉዳት ካለ ጎልቶ ይታያል። በቆሎን መቶ እጥፍ የምታበላው እንስሳ የለም። የተለመደው ጣሪያ ከመኖው 33 በመቶ ነው። በቆሎው ከዚያ በጣም ከበዛ የመኖው ምጥን ይዛባል፤ አይጧም በዘረመሉ ሳይሆን በምግብ መዛባት ትታመማለች። የተጨመረው ዘረመል የሚያመርተው አዲሱ ፕሮቲን በፍሬው ውስጥ በግራም የሚገኘው በማይክሮግራም ነው። ስለዚህ ፕሮቲኑ ለብቻው ተጣርቶ በከፍተኛ መጠን ለአይጥ በቱቦ የሚሰጥበት ሙከራ፣ ሙሉ ፍሬ ለዓመታት ከማብላት ይልቅ ጠንከር ያለ ጥያቄ ይጠይቃል።

ማነጻጸሪያው በቆሎም ቸል ሲባል ሙከራው ይበላሻል። ከተለወጠው ጋር በዝርያ እጅግ የቀረበ፣ በአንድ ቦታና በአንድ ወቅት የበቀለ መሆን አለበት። አገዳ ቆርቋሪ የበሳው ዛላ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ፊውሞኒሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ደግሞ የአይጥ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል። የሁለቱም መኖ መርዝ ሳይለካ የታየ የጉበት ለውጥ ከዘረመሉ ይሁን ከሻጋታው ማንም ሊለየው አይችልም። በአንድ ሳጥን ሁለት አይጥ እያኖሩ መኖውን በጋራ ካበሏቸው በኋላ እንደ ሁለት የተለያየ ማስረጃ መቁጠርም ስህተት ነው፤ የሚቆጠረው ሳጥኑ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 የተለወጠውን ሰብል ለአይጥ ለ90 ቀን የማብላት ሙከራን ግዴታ አደረገ። ከዚያም ጂ-ትዊስት በተባለው ፕሮጀክት ያንኑ ኤንኬ603 ለሁለት ዓመት፣ በየቡድኑ ከየጾታው 50 አይጥ ይዞ ፈተነ፤ ከበቆሎው የመጣ ጉዳት አልተገኘም። ተጠየቀ፤ ተሠራ። ፎቶው ግን አሁንም ይዞራል።

የተለወጠው ፍሬ ይዘት ካልተለወጠው ጋር ሲነጻጸር ትንተናው ያልተጠበቀ ለውጥ ካሳየ የ90 ቀን ሙከራ ይደረግ፤ ያን ጊዜ የሚፈለገው ነገር ይታወቃል። ትንተናው ምንም ካላሳየ ግን ሌላ ሁለት ዓመት የሚጠይቅ ሰው በየትኛው አካል ላይ ምን ጉዳት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይጻፍ።