«ቶኑን ተዉት» ለሚለው ምክር ትንሽ እርማት

ሰሞኑን ቻይንኛ ለሚጀምሩ ሰዎች «ቶን (ቃሉ ሲነገር የድምፁ ከፍና ዝቅ ማለት) አያስጨንቃችሁ፤ ቃሉን ብቻ ሸምድዱ፣ ሰሚው ከአውዱ ይረዳችኋል» የሚል ምክር ይዞራል። በቅንነት የተባለ ነው። ግን ልክ አይደለም።

ማንዳሪን፣ ማለትም መደበኛው ቻይንኛ፣ 4 ዋና ዋና ቶኖች አሉት። ቶኑ ጌጥ ሳይሆን የቃሉ አካል ነው። «ማይ»ን ውሰዱ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ መጨረሻው ላይ ቀና ካደረጋችሁት «መግዛት» ነው፤ 3ኛው ቶን። ከላይ ወደ ታች ቆረጥ ካደረጋችሁት ደግሞ «መሸጥ»፤ 4ኛው። እንግዲህ ከፒያሳ መርካቶ ወርዳችሁ ለቻይናዊ ነጋዴ «ማይ» ብትሉት አውዱ ምን ያግዘዋል? ሁለቱም የገበያ ወሬ ናቸው! ልትገዙ ሄዳችሁ ሻጭ ሆናችሁ ቁጭ። (ሲጻፉ ይለያያሉ። ዛሬ ቻይና ውስጥ በሚሠራበት አጻጻፍ «መሸጥ» ማለት የ«መግዛት» ፊደል አናቱ ላይ መስቀል የመሰለ ምልክት ሲደፋ ነው።)

ለእኛ እኮ እንግዳ ነገር አይደለም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል»። ፊደሉ አንድ ነው፣ ጆሯችን ግን ይለየዋል።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ፦ ፕሌኮ የሚባለውን ነፃ መዝገበ ቃላት ስልኩ ላይ ይጫን። «ማይ»ን በላቲን ፊደል ሲጽፍ ሁለቱም ይመጣሉ። የድምፅ ምልክቷን እየነካ ያዳምጥ።

ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ከሆነ ሰሚው ብዙ ጊዜ እንደሚገምት አልክድም። ጀማሪ ግን የሚያወራው በአንድ በሁለት ቃል ነው። ያለ ቶን የተሸመደደ 200 ቃል ደግሞ በኋላ አንድ በአንድ መታረም አለበት፤ የሚያደክመው እሱ ነው።