ከግድግዳው በፊት ምጣዱ ይለካ

ስለ ዘመናዊ ሥነ ሕንፃ አጀማመር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው መልኩን ነው። ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ነጭ ግድግዳ፣ አግድም የተዘረጋ መስኮት፣ ጌጥ የሌለው ፊት። ለእኔ ግን የዚያ ዘመን ትልቁ መርህ አንድ ጥያቄ ነው፦ እዚህ ቤት ውስጥ ማን ምን ይሠራል?

ጥያቄው ጎልቶ የሚታየው በጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ ውስጥ በተሠራች ጠባብ ኩሽና ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋ ከባድ የቤት እጥረት ነበረባት። በአርክቴክት ኤርነስት ማይ መሪነት በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ሲታቀዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1926 ኩሽናውን የነደፈችው ኦስትሪያዊቷ ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ ናት። መጀመሪያ ሥራውን አጠናች። ከምድጃ እስከ ማጠቢያ ስንት እርምጃ አለ? የትኛው ሥራ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የባቡር ምግብ ቤት ኩሽናንም መረመረች።

ውጤቱ 1.9 ሜትር በ3.4 ሜትር ገደማ የሆነ ክፍል ነው። መክተፊያው መስኮት ሥር ነው፤ ብርሃን እንዲያገኝ። ቁጭ ብሎ ለመሥራት ተሽከርካሪ በርጩማ አለው። የልጣጭ ማጠራቀሚያው እዚያው ነው። የልብስ መተኮሻው ከግድግዳ ላይ ይዘረጋል፣ ሲያበቃ ይታጠፋል። የዱቄት መሳቢያው እንኳ ትል እንዳይገባው ከኦክ እንጨት ነው የተሠራው። ወደ 10,000 ያህል ተሠርቷል።

እንከን አልነበረውም አልልም። የሚበቃው ለአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ሴቲቱን ከቤተሰቡ ነጥሎ አስቀምጧታል። ቢሆንም ሥራዋ ተለክቷል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሲጀመር የጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ (GTZ) ወጪ ቆጣቢውን አሠራር በማስተዋወቅ ትልቅ እገዛ አድርጓል። ብዙ ሰው የቤት ባለቤት ሆኗል፤ ይህን አላጣጥልም። ግን የብዙዎቹን ኩሽና እዩት። የእንጀራ ምጣድ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። አጠገቡ የሊጥ ባልዲ አለ፣ የወጣው እንጀራ ማቀዝቀዣ ሰፌድ አለ፣ መሶብ አለ። ይህ ሁሉ የት ይቀመጥ? እንፋሎቱስ በየት ይውጣ? ብዙ ቤት ምጣዱ በረንዳ ላይ ነው። በየሳይቱ የጋራ ማብሰያ ቤት ተሠርቷል፤ ሊፍት ከሌለው አራተኛ ፎቅ ሊጥ ተሸክሞ መውረድ ግን ቀላል አይደለም። አንዳንድ ቦታም ማብሰያ ቤቱ ለሌላ አገልግሎት ውሏል።

ውድ አፓርታማዎች ላይ «ትራዲሽናል ኪችን» እየተባለ ለብቻ ይሠራል። ይህ ማለት ችግሩ ይታወቃል፣ መፍትሔውም ይታወቃል። ታዲያ እንጀራ መጋገሪያ ቦታ የባለገንዘብ መብት የሆነው ለምንድን ነው?

ቤት የሚነድፉ ባለሙያዎቻችን አንድ የእንጀራ ቀን ሜትርና ሰዓት ይዘው ከጋጋሪዋ ጋር ይዋሉ። ስንቴ ጎንበስ ትላለች፣ ባልዲውን ከየት ወዴት ታነሳለች፣ ጭሱና እንፋሎቱ የት ይጠራቀማል፣ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ የሚስበው ምጣድ የራሱ መስመር አለው ወይ? ግድግዳው ከዚያ በኋላ ይሰመር።